የበሩ መቀርቀሪያና የሰው ሕይወት፤ የሂዩ ደ ሄቨን ታሪክ

ሰው በመኪና አደጋ ሲሞት የሚነገሩት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ሾፌሩ ፈጥኖ ነበር ይባላል፤ መንገዱ ጠማማ ነበር ይባላል፤ ይህም ካልተገኘ ቀኑ ደርሶ ነው ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ግን አንድ ሰው ከነዚህ የተለየ ጥያቄ አቀረበ። ጥያቄው መኪናው ለምን ተጋጨ የሚል ሳይሆን፣ ከተጋጨ በኋላ ውስጡ የተቀመጠውን ሰው የገደለው ምንድን ነው የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ ከተገኙት ታላላቅ መልሶች አንዱ፣ ባለመኪና ሁሉ በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ግን ልብ የማይለው ትንሽ መሣሪያ ሆነ፤ ይኸውም የበሩ መቀርቀሪያ ነው። የጠያቂው ስም ሂዩ ደ ሄቨን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደ ሄቨን በ1895 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በተባለው ክፍል ተወለደ። በኮርኔልና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ጊዜ ከተማረ በኋላ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ሲፋፋም አውሮፕላን ነጂ ለመሆን ተመኘ። ይህን ዕድል በአገሩ ስላላገኘ ወደ ካናዳ ተሻግሮ በእንግሊዝ ንጉሣዊ የበረራ ጓድ ውስጥ በዕጩነት ተመዘገበ።

በ1917 በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በልምምድ ላይ ሳለ አውሮፕላኑ ከሌላ አውሮፕላን ጋር በአየር ላይ ተጋጨና ከሰማይ ወደቀ። እግሮቹ ተሰበሩ፤ ጉበቱ፣ ሐሞቱና ጣፊያው አጠገብ ያሉት የሆድ ዕቃዎቹ ክፉኛ ተጎዱ። ወራት በፈጀው የሆስፒታል ቆይታው የጎበኙት ሁሉ መዳኑን ተአምር ነው አሉት። እሱ ግን ተአምር በሚለው ቃል አልረካም። በሐሳቡ ወደ ስብርባሪው ተመልሶ ነገሩን ሲመረምር፣ የሆድ ዕቃውን የጎዳው ውድቀቱ ራሱ ሳይሆን የታጠቀው የወንበር ቀበቶ ዘለበት እንደ ሆነ ተረዳ። ዘለበቱ ሹል ስለ ነበረ በግጭቱ ጊዜ ሆዱን ወግቶታል። እንግዲያውስ ዘለበቱ በሌላ ቅርጽ ቢሠራ ኖሮ ጉዳቱ ይቀር ነበር ማለት ነው። ከዚህች ትንሽ ግኝት በመነሣት ብዙ ሰው የሚገደለው በአደጋው ብቻ ሳይሆን በዕቃው አሠራር ጉድለት ነው የሚል እምነት በልቡ አደረበት። ይህን ሐሳብ ለሌሎች ቢገልጽም በዚያን ጊዜ ከቁም ነገር የቆጠረለት አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ደ ሄቨን የፈጠራ ሥራ ያዘ። ጋዜጦችን በጥቅል በጥቅል የሚያስር ማሽን ከፈጠራዎቹ አንዱ ነው። ከሥራው በቂ ሀብት ስላገኘ ገና አርባ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ከንግዱ ዓለም ለማረፍ በቃ። ዕረፍቱ ግን ብዙ አልቆየም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የመኪና አደጋ አጋጠመው፤ የሾፌሩን ጭንቅላት የቀደደው በዳሽቦርዱ ላይ ጉጥ ብሎ የወጣ የመቆጣጠሪያ እጀታ መሆኑን ተመለከተ። የቴክሳሱ ዘለበት በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። ደ ሄቨንም የቀረውን የሥራ ዘመኑን ለዚህ ጉዳይ ለመስጠት ወሰነ።

ጥናቱን የጀመረው በቀላል ነገር ነው። በቤቱ ኩሽና ውስጥ ዕንቁላል ከፍ ካለ ቦታ በስፖንጅ ላይ እየጣለ፣ ሳይሰበር የሚያርፍበትን ሁኔታ መረመረ። ቀጥሎም ከፎቅ ወድቀው የተረፉ ሰዎችን ታሪክ ማሰባሰብ ያዘ። በ1942 ባሳተመው ጽሑፍ ከ50 እስከ 150 ጫማ፣ ማለትም ከ15 እስከ 45 ሜትር ገደማ ከሚደርስ ከፍታ ወድቀው በሕይወት የተገኙ ሰዎችን ጉዳይ አንድ በአንድ ተነተነ። የወደቁበት አፈር ወይም ጣሪያ ምን ያህል እንደ ጎደጎደ ለክቶ፣ ሰውነታቸው የተሸከመውን ኃይል አሰላ። የደረሰበትም መደምደሚያ የብዙ ባለሙያዎችን ግምት የሚያፈርስ ሆነ። ኃይሉ ለአጭር ቅጽበት ከሆነና በሰፊው የሰውነት ክፍል ላይ በአግድም ከተከፋፈለ፣ የሰው ገላ የመሬት ስበትን 200 እጥፍ የሚያህል ጫና ሊችል ይችላል። ሰው እንደሚታሰበው ተሰባሪ ፍጡር አይደለም፤ ተሰባሪ ያደረገው የሚያርፍበት ነገር ነው።

በዚያው ዓመት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ የግጭት ጉዳት ምርምር የተባለው ሥራ በእሱ መሪነት ተጀመረ። ደ ሄቨን ሐኪም አልነበረም፤ የምሕንድስና ዲግሪም አልነበረውም። ነገር ግን የሐኪሙን የቁስል መዝገብና የመሐንዲሱን የስብርባሪ መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብን አስለመደ። በመጀመሪያ የተጠኑት ትናንሽ አውሮፕላኖች ነበሩ። ወንበሩ ከወለሉ ተነቅሎ እንደ ሆነ፣ ቀበቶው ተበጥሶ እንደ ሆነ፣ የነጂው ግንባር ያረፈበት ብረት የትኛው እንደ ሆነ በየአደጋው ተመዘገበ።

በ1952 ከአውሮፕላን ወደ መኪና የተሻገረበትን ጽሑፍ አቀረበ። ያቀረበው መከራከሪያ ማንኛውም ነጋዴ የሚያውቀውን የዕቃ አስተሻሸግ ጥበብ መሠረት ያደረገ ነበር። ብርጭቆ በሣጥን አሽጎ የሚልክ ሰው አራት ነገሮችን ይጠብቃል። አንደኛ፣ ሣጥኑ በጉዞ ላይ ተከፍቶ የያዘውን እንዳያፈስ፣ ተጨፍልቆም እንዳይሰባበር ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ሣጥኑን ከሚሰባበር ነገር አይሠራም። ሦስተኛ፣ ዕቃው በውስጡ ወዲያና ወዲህ እንዳይላጋ አጥብቆ ያስረዋል። አራተኛ፣ በመካከል የሚጎዘጎዘው ነገር ግፊቱን ወደ ዕቃው ጠንካራ ጎን እንዲያስተላልፍ አድርጎ ያበጀዋል። መኪናን የሚሠራ ሰው ብርጭቆ ለሚያሽግ ሰው የሚጠየቀውን ጥንቃቄ ለሰው ልጅ ነፍገዋል የሚለው የጽሑፉ ጭብጥ ነበር። የዘመኑ መኪና የመጀመሪያውን ሕግ እንኳ አያከብርም ነበርና፤ ሲጋጭ በሩ ይከፈታል፤ ተሳፋሪውም ይፈሳል።

በሩ ለምን እንደሚከፈት ለመረዳት የዘመኑን መቀርቀሪያ አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። በበሩ ጠርዝ ላይ የተተከለው መቀርቀሪያ በምሰሶው ላይ ካለው ተቀባይ ብረት ጋር ይያያዝ ነበር። ይህ መያያዝ በሩ ወደ ውጭ እንዳይገፋ በሚገባ ይከለክላል። ነገር ግን መኪናው ሲጋጭ ወይም ሲገለበጥ የአካሉ ብረት ይለጠጣል፤ ይጣመማል። ያን ጊዜ በሩና ምሰሶው በመኪናው ርዝመት አቅጣጫ ይራራቃሉ። መቀርቀሪያው በዚህ አቅጣጫ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሳይሰበር ከተቀባዩ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ከአደጋው በኋላ ቁልፉን የሚፈትሽ ሰው ደኅና ሆኖ ያገኘዋል፤ ጉድለቱ ከቁራጩ ብረት ሳይሆን ከንድፉ ነውና። በተጨማሪም በብርቱ ግጭት ጊዜ የእጀታው ቁልፍና ዘንጎቹ በራሳቸው ክብደት ተንቀሳቅሰው መቀርቀሪያውን ሊያላቅቁ ይችላሉ።

ይህን በግምት መናገር አንድ ነገር ነው፤ በማስረጃ ማረጋገጥ ግን ሌላ ነው። ማስረጃው የተገኘው ከአውራ ጎዳና ነው። የኢንዲያና ግዛት ፖሊሶች፣ ቀጥሎም የኖርዝ ካሮላይናና የሌሎች ግዛቶች ባልደረቦቻቸው፣ ኮርኔል ባዘጋጀው ቅጽ ላይ የእያንዳንዱን አደጋ ዝርዝር ይሞሉ ጀመር። የትኛው በር ተከፈተ? ማን ወደ ውጭ ተወረወረ? ሐኪሙስ ምን ጉዳት አገኘ? ፎቶግራፍም ተያይዞ ይላክ ነበር። አንድ ቅጽ ብቻውን የአንድ ቤተሰብ ሐዘን እንጂ ሌላ አይናገርም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቅጾች ሲደረደሩ ግን የንድፍን ስሕተት ያጋልጣሉ።

በዚያ ዘመን፣ ዛሬም በየአገሩ እንደሚሰማው፣ በግጭት ጊዜ ከመኪናው ተወርውሮ መውጣት ይሻላል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ቅጾቹ የዚህን ተቃራኒ መሰከሩ። በ1958 ከዚሁ ምርምር የወጣ ጥናት ተወርውሮ የወጣ ሰው በውስጥ ከቀረው ይልቅ የመሞት ዕድሉ ወደ 5 እጥፍ እንደሚጠጋ አሳየ። የሚወረወሩትም አብዛኛውን ጊዜ በተከፈተ በር ነበር።

ውጤቱ ወደ ፋብሪካዎች ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። በ1956 ሞዴል የአሜሪካ መኪኖች ላይ አዲስ ዓይነት የደኅንነት መቀርቀሪያ መታየት ጀመረ። የለውጡ ምስጢር ቀላል ነው፤ መቀርቀሪያውና ተቀባዩ እርስ በርስ የሚደራረብ ከንፈር ተበጀላቸው፤ በዚህም በሩና ምሰሶው በርዝመት አቅጣጫ ሲጎተቱ የሚያዙ ሆኑ። ፎርድ ይህን መቀርቀሪያ መካከሉ ገባ ካለ የመሪ መዘውር ጋር በመኪኖቹ ሁሉ ላይ ሲያደርግ፣ የደኅንነት ቀበቶንና የተለበጠ ዳሽቦርድን ለሚፈልግ ገዢ በተጨማሪ ዋጋ አቀረበ።

ሆኖም ሥራው በዚህ አልተፈጸመም። የኮርኔል ተመራማሪዎች ከለውጡ በፊትና በኋላ የተሠሩትን መኪኖች አነጻጽረው በሮቹ የሚከፈቱበት ጊዜ እንደ ቀነሰ፣ ነገር ግን ፈጽሞ እንዳልቀረ አረጋገጡ። ከዚህ የተነሣ መቀርቀሪያውና ማጠፊያው በ1960ዎቹ እንደገና ተጠናከሩ። ከጥር 1 ቀን 1968 ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ከፋብሪካ ፈቃድ ወጥቶ ሕግ ሆነ። ቁጥር 206 የተባለው የአሜሪካ ፌዴራል ደረጃ፣ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ የጎን በር መቀርቀሪያ በርዝመት አቅጣጫ 11,000 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 1,100 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት፣ በአግድም ደግሞ ወደ 9,000 ኒውተን የሚደርስ ጉተታ እንዲችል አዘዘ። በግማሽ የተያዘ በርም ቢሆን ወደ 4,500 ኒውተን መቻል ነበረበት። የመሬት ስበት 30 እጥፍ በሆነ ፍጥነት ለውጥ መቀርቀሪያው በራሱ ክብደት እንዳይላቀቅም ተወሰነ። በ1989 የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው ግምገማ፣ ከ1963 እስከ 1968 በመቀርቀሪያና በማጠፊያ ላይ የተደረገው ማሻሻያ በዓመት ወደ 400 የሚጠጋ ሕይወት እንደሚያድን ገመተ።

ደ ሄቨን ስለ ቀበቶም ያሰበው ከንቱ አልቀረም። ሮጀር ግሪዝወልድ ከተባለ ሰው ጋር ሆኖ ወገብንና ደረትን አንድ ላይ የሚይዝ ቀበቶ ነድፎ በ1955 የፈጠራ መብት አገኘበት። ይህም የስዊድኑ ቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን በ1959 ዛሬ የተስፋፋውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ከማውጣቱ በፊት ነው። በወጣትነቱ በዘለበት የቆሰለው ሰው ቀበቶን ከመጥላት ይልቅ እንዲሻሻል ደከመ። በ1980 ዓ.ም. ሲሞት የምርምሩን መሪነት ለሌሎች ካስረከበ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር። ከሞተ በኋላ፣ በ2004፣ መንግሥታት በጄኔቫ ተስማምተው ለተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ደንብ ማውጣት ሲጀምሩ፣ ቁጥር 1 ሆኖ የተመዘገበው ደንብ የበር ቁልፍና መያዣ ደንብ ሆነ።

የዚህ ሰው ሕይወት ለሙያችን የሚተወው ትምህርት ከሁሉ በፊት የባለንብረትን አቤቱታ ይመለከታል። በሩ በአንዴ አልይዝ ይላል፤ መንገድ ላይ ራሱ ተከፈተ፤ ከውስጥ አልከፈት ብሎ አስቸገረ የሚሉ ቃሎች በየጋራዡ ይሰማሉ። ብዙ ጊዜም እንደ ቀላል ነገር ታይተው ተቀባዩ ብረት በመዶሻ ይቃናል፤ ወይም ሞላው ይጠብቃል፤ አንዳንዴም በሩ በገመድ ታስሮ ጉዞው ይቀጥላል። በጎኑ ተመትቶ አካሉ በተቃና መኪና ላይ ደግሞ በሩ ከውጭ ሲታይ የገጠመ ይመስላል፤ ነገር ግን መቀርቀሪያው የያዘው በግማሽ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በሩ ሲዘጋ ሁለቱን የመያዣ ደረጃዎች ማለፉን ማዳመጥ፣ የማጠፊያውን ልልነት በሩን ወደ ላይ አንሥቶ መፈተን፣ የተቀባዩን ብሎንና የከንፈሩን መበላት ማየት ይበቃል።

ደ ሄቨን ያገኘው ሁሉ የተገኘው ሌሎች እንደ ተራ ወሬ ካለፉት ዝርዝር ነው። አንድ ዘለበት፣ አንድ እጀታ፣ በአንድ የፖሊስ ቅጽ ላይ የተሞላ አንድ ቃል ነበሩ መነሻዎቹ። ዛሬም ስለ በር ቁልፍ የሚቀርብ አቤቱታ በመዝገብ ካልሰፈረ፣ ከሌላው ጋር ካልተነጻጸረና ከአደጋ ውጤት ጋር ካልተያያዘ፣ ጉድለቱ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየተላለፈ ይኖራል። ቅጹን መሙላት ትንሽ ሥራ ነው፤ ነገር ግን 1968ን ያመጣው ይኸው ትንሽ ሥራ ነው።