ማርኩስ አግሪጳ፤ ሥራ ያልናቀው ሹም

ባለፈው ቅዳሜ የመኝታ ቤታችንን የፍሳሽ ቦይ የመጥረግ ተራ ሲደርሰን ገሚሳችንን ራሱን አመመው፥ ገሚሳችን ገበያ ወጣ። መምህር ሊሆን የመጣ ሰው አካፋ ይዞ ከጭቃ ጋር ምን አገናኘው ብለን እስከ ማታ ተከራከርን። ይህን የምንጽፈውም ከታመሙት መካከል ነበርን። ነገሩ ስላሳፈረን ነው ዛሬ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዘን የቀረብነው።

አግሪጳ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ጳውሎስ ፊቱ ቀርቦ የተናገረው ንጉሥ ነው። እኛ የምንተርከው ግን ስለ ሌላው፥ ማለትም ለእነዚያ የይሁዳ ነገሥታት የስማቸው መነሻ ስለ ሆነው ስለ ሮማዊው ማርኩስ አግሪጳ ነው።

አግሪጳ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት ገደማ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ ስምና ዝና አልነበረውም፤ የሮማ መኳንንት ደግሞ ዘር ቆጣሪዎች ነበሩ። ዕድል ሆኖለት በልጅነቱ ከእኩያው ከኦክታቪያን ጋር ተዋወቀ። ይህ ልጅ በኋላ አውግስጦስ ቄሣር የተባለው ነው። በ44 ዓመት ከክ.ል.በፊት ዩልዮስ ቄሣር በሴራ ሲገደል ሁለቱ ጓደኛሞች ዕድሜያቸው እንደኛ ሃያ ገደማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦክታቪያን ለሥልጣን ሲታገል፥ ጦሩን በመምራት የረዳው አግሪጳ ነው።

በ37 ከክ.ል.በፊት የሮማ ከፍተኛ ሹመት የሆነውን ቆንስልነት አገኘ። በዚያን ጊዜ የኦክታቪያን ጠላት ሲሲሊን ይዞ ወደ ሮማ የሚመጣውን እህል በባሕር ላይ ይዘጋ ነበር። አግሪጳ በኔፕልስ አካባቢ ያሉትን ሁለት ሐይቆች በቦይ እርስ በርሳቸውና ከባሕሩ ጋር አገናኝቶ ወደብ አደረጋቸውና ቀዛፊዎቹን እዚያ አሠለጠነ። በዓመቱም ጠላቱን ድል መታ። እንግዲህ ድሉ የተጀመረው በሰይፍ ሳይሆን በዶማ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ዋናው ቁም ነገር ግን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ33 ከክ.ል.በፊት አግሪጳ ኤዲል የሚባለውን ሹመት ያዘ። ኤዲል መንገድን፥ ገበያንና የሕዝብ ሕንፃን የሚጠብቅ የከተማ ሹም ነው። ለማደግ የሚፈልግ ወጣት ወደ ላይ ሲወጣ የሚረግጠው እርከን እንጂ፥ ቆንስል የነበረ ሰው ተመልሶ የሚይዘው አልነበረም። እንደ ዛሬው ብንመስለው፥ ሚኒስትር የነበረ ሰው ወርዶ የማዘጋጃ ቤት የውሃና የፍሳሽ ኃላፊ ሆነ እንደማለት ነው።

ታዲያ ምን ሠራ? ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይወስድ መንገዶቹን አስጠገነ። ያረጁትን የውሃ መስመሮች አሳድሶ ዩልያ የተባለውን አዲስ መስመር ጨመረ። በየሠፈሩ ሕዝቡ የሚቀዳባቸው ገንዳዎች እንዲበዙ አደረገ። ከዚያም የከተማውን የፍሳሽ ቦዮች አስጠረገ። ሥራው ሲያልቅም ታላቁ ቦይ ውስጥ በጀልባ ገብቶ ከመሬት በታች እስከ ቲቤር ወንዝ እንደ ወረደ ይተረካል። ሠራተኞቹን ልኮ ተጠርጓል አልተጠረገም ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር፤ እሱ ግን በዓይኑ አየ።

በ31 አክቲዩም በተባለው የባሕር ጦርነት አንቶኒንና የግብጿን ንግሥት ክሊዮፓትራን ድል የነሣው የኦክታቪያን መርከብ ጦር በአግሪጳ የተመራ ነበር። ከዚህ ሁሉ ድል በኋላም ውሃውን አልተወም። በ19 ከክ.ል.በፊት ቪርጎ የተባለውን መስመር ወደ ሮማ አስገባ። ርዝመቱ ወደ 21 ኪሎ ሜትር ሲሆን አብዛኛው ከመሬት በታች ነው። ሞተር የለ፥ ፓምፕ የለ፤ ውሃው የሚሄደው በቁልቁለት ብቻ ነው። ቁልቁለቱም ከምንጩ እስከ ከተማው በጣም ትንሽ ስለ ሆነ፥ ቀያሾቹ ትንሽ ቢሳሳቱ ውሃው መንገድ ላይ ይቆም ነበር። አግሪጳ ውሃውን ለሕዝብ ገንዳ ይህን ያህል፥ ለግል ሰው ይህን ያህል ብሎ ደለደለ። መስመሮቹንም የሚጠግኑ 240 ሰዎችን መደበ።

እነዚህ 240 ሰዎች ባሪያዎች ነበሩ። አግሪጳ በ12 ከክ.ል.በፊት በ51 ዓመቱ ገደማ ሲሞት እንደ ንብረት ለአውግስጦስ በውርስ አለፉ፤ አውግስጦስም የመንግሥት አደረጋቸው። ከተማው ቋሚ የውሃ አገልግሎት ያገኘው በእነሱ ጉልበት ሆኖ ሳለ፥ ስማቸውን የጻፈልን የለም። የአግሪጳን ስም ስናነሣ ይህን ልንረሳ አይገባም።

የቪርጎ መስመር በጦርነት ተጎድቶ፥ በኋላም ታድሶ እስከ ዛሬ ይፈሳል። በ1762 የተጠናቀቀው ትሬቪ የሚባለው ዝነኛ የሮማ ፏፏቴ ውሃውን የሚያገኘው ከዚሁ መስመር ነው። አግሪጳ ያሠራው ፓንቴዎን የተባለ ቤተ መቅደስ ግን ተቃጥሎ፥ ዛሬ የምናውቀውን በ125 ዓ.ም. ገደማ ያሠራው ንጉሠ ነገሥቱ ሐድሪያን ነው። ሐድሪያን በሕንፃው ግንባር ላይ የጻፈው የራሱን ሳይሆን የአግሪጳን ስም ነው። ጉልላቱ 43 ሜትር ስፋት ሲኖረው ከኮንክሪት ተሠርቶ አንድም የብረት ዘንግ አልገባበትም። ኮንክሪቱም ኖራ ከእሳተ ገሞራ አመድና ከድንጋይ ጋር ተደባልቆ የተሠራ ነው። የዛሬው ፎቅ ቤት፥ ድልድይና ግድብ በኮንክሪት ሲቆም፥ የከተማ ውሃ ከምንጭ ተነሥቶ በማጠራቀሚያ በኩል በየሠፈሩ ሲከፋፈል፥ ፍሳሹም ከመሬት በታች ሲሄድ፥ የሮማውያን አሠራር ከእኛው ጋር አለ ማለት ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ነገ ተመድበን የምንሄድበት ትምህርት ቤት ምናልባት ቧንቧ አይኖረውም ይሆናል። ምንጩን የሚያጎለብት፥ የመጸዳጃውን ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ሲፈለግ ሕፃናቱ የሚያዩት እኛን ነው። ያን ቀን ራሳችንን ቢያመን ወዮላቸው። አካፋው አሁንም በሩ ሥር ተደግፎ ቆሟል፤ ቅዳሜም እየመጣ ነው። እኛ ድነናል።