ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የመኪና ሙያ

ባለፈው ክረምት አዴት ውስጥ አጎቴ በአሮጌው ላንድሮቨሩ ላይ ኦቨርድራይቭ የሚባለውን ዕቃ ሲገጥም፣ እኔ መፍቻ አቀባይ ሆኜ ሰነበትሁ። ዕቃው ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ነበርና ኩሽኔታውን ለመለወጥ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀብን። አባቴ እጄ በዘይት ጠቁሮ ባየ ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረኝ ባለ እጅ እንድሆንለት እንዳልነበረ በቁጣ ነገረኝ። በእኛ በጎጃም ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ይከበራል፤ ብረት የሚነካው ግን ለብዙ ዘመን በስድብ ሲጠራ ኖሯል። እንግዲህ ሁለቱንም የያዘ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ስፈልግ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ታሪክ አገኘሁ።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም. በምንጃር ተወለዱ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ። ባቡሩ ያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም፤ ለመኪና የሚሆን መንገድም አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በመኪናዋ ተደሰቱባት። ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም በዚያው ዘመን ናክ የተባለች የጀርመን መኪና አመጣላቸው። መኪና ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ስትቆም የሚያስነሣት ሰው ከሌለ ግን ከቆመ ብረት አትሻልም። ስለዚህ ተሰማ እሸቴ መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ከሆልትስ ጋር ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ የሚከለክለውን አዋጅ ዐፄ ምኒልክ ያስነገሩት በዚያው በ1900 ዓ.ም. መሆኑን ሳነብ፣ ለአባቴ ላሳየው ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

የዚያን ዘመን መኪና ማርሽ ማስገባት ቀላል ሥራ አልነበረም። የዛሬው ካምቢዮ የጥርሶቹን ፍጥነት ራሱ ያስተካክላል፤ ያን ጊዜ ግን ሾፌሩ ፍሪሲዮን እየረገጠ፣ የሞተሩን ድምፅ በጆሮው እየለካ፣ ልክ በሰዓቱ ካላስገባው ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል። ዜማ የለመደው የተሰማ ጆሮ በዚህ ሳይጠቅማቸው አልቀረም፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

ዜማ ያልሁት በከንቱ አይደለም። ተሰማ መኪና ሊማሩ በሄዱበት አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ሸክላዎቹ አሥራ ሰባት ያህል ሲሆኑ፣ በሸክላ ከተቀረጸው የኢትዮጵያ ዘፈን ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር እንደገና ታትመዋልና ዛሬ ማንም ሊሰማቸው ይችላል።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ሆነው ነጋድራስ ተባሉ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲወርዱ የእርሳቸውም ሹመት አብሮ ወደቀ። ሹመት ቢቀር ግጥም አልቀረባቸውም፤ ሰምና ወርቅ ያለው ግጥማቸው በሰው አፍ ቆይቶ በኋላ በመጽሐፍ ወጥቷል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. አረፉ።

አባቴ ቅኔ ወዳጅ ስለ ሆነ አንድ ማታ ዘፈናቸውን ከስልኬ አሰማሁት። ዘፋኙ ጀርመን አገር ምን ሊያደርጉ እንደ ሄዱ ጠየቀኝ፤ መኪና መጠገን ሊማሩ እንደ ሆነ ነገርሁት። አልመለሰልኝም፤ ዘፈኑን ግን እስከ መጨረሻው ሰማው። አዋጁን የጻፍሁበትን ወረቀት ከኪሴ አላወጣሁትም።

ቅዳሜ ዕለት ኦቨርድራይቩን ልንሞክር ወደ ባሕር ዳር ስንነሣ አባቴ ከፊት ተቀመጠ። ላንድሮቨሩ አራተኛ ማርሽ ላይ ሲደርስ ሞተሩና የካምቢዮው መውጫ እኩል ይዞራሉ፤ ከዚያ በላይ ለመሮጥ ሞተሩ መጮህ ነው እንጂ ሌላ መላ አልነበረውም። አዲሱ ዕቃ ሲገባ ግን ሞተሩ 100 ጊዜ ሲዞር መውጫው 128 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ሞተሩ ያርፋል፣ ነዳጅም ይቆጥባል፤ ዳገት ሲመጣ ጉልበት ስለሚያንስ ማውጣት ያስፈልጋል። አጎቴ ሜዳው ላይ ዘንጉን ሲስብ የሞተሩ ጩኸት ዝቅ አለ። አባቴ ይህን የገጠመው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። አጎቴም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ አመለከተ።