የወፍ ሠዓሊው ሉዊስ ፉዌርቴስ

ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ በአሜሪካ አገር ኢታካ በምትባል ከተማ በ1874 ዓ.ም. ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። አባቱ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና መምህር ነበረ፤ ልጁም የእርሱን ሞያ እንዲይዝ ይመኝ ነበር። የልጁ ልብ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በወፎች ተማርኮ ነበር። አንድ ጊዜ ሕያው ጉጉት ይዞ በወጥ ቤት ከገበታው እግር ጋር አስሮ ሣለው። ብዙ እናቶች እንዲህ ያለውን እንግዳ ከወጥ ቤታቸው ያባርሩ ነበር።

ካደገም በኋላ ለወፎች ሲል ወደ አላስካ፥ ወደ ሜክሲኮ፥ ወደ ኮሎምቢያም ሄደ። ድምፃቸውን አስመስሎ እያፏጨ ይጠራቸው ነበር።

በ1926 ዓ.ም. ከቺካጎ ቤተ መዘክር ሊቃውንት ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀበሏቸው። ከዚያም በበቅሎ ተጕዘው ደቡቡን ካዩ በኋላ ወደ ጣና ሐይቅና ወደ ጎንደር አገር ወጡ። የደብረ ታቦር ልጅ በየቀኑ እያየ የሚያልፈው ትልቁ ቁራ፥ መንቁሩ ወፍራም ማጅራቱም ነጭ የሆነው፥ ከኢትዮጵያና ከጎረቤቶቿ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ለሩቅ መንገደኛ ግን ድንቅ ነው።

በዚያ ዘመን ሊቃውንት ወፍን ለማጥናት ይገድሉት ነበር። ወፍም ሲሞት የዓይኑ፥ የመንቁሩና የእግሩ ቀለም ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ ፉዌርቴስ ቀለሙ ሳይለወጥ ይሥል ዘንድ ይቸኵል ነበር። መንገደኛ ሁሉ በድንኳኑ ሲያርፍ እርሱ ብሩሹን ያነሣል። እንዲህ እያደረገ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ የወፎችና የአራዊት ሥዕሎች ሠራ።

በ1927 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በነሐሴ ወር ሥዕሎቹን ለወዳጁ አሳይቶ ከባለቤቱ ጋር በአውቶሞቢል ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ በሐዲዱ መሻገሪያ ላይ ባቡር ገጫቸው። ባለቤቱ ቈሰለች፤ እርሱ ግን በ53 ዓመቱ ሞተ። ሥዕሎቹ ከአውቶሞቢሉ ተወርውረው ወድቀው ሳለ፥ አንዳች ሳይጐዱ ተገኙ።

ከጉዞው ባልንጀሮች አንዱ ሱይዳም ካቲንግ ሥዕሎቹን ገዝቶ ለቺካጎ ቤተ መዘክር ሰጠ። ከእነርሱም 32ቱ በ1930 ዓ.ም. ታተሙ።