ኢብን ሲና፡ ስለ መጠንና ስለ እናት ያስተማረን ሐኪም



በዚህ እትም የምናወሳው ሰው ስሙን ሁላችንም የምናውቀው፣ ሕይወቱን ግን ጥቂቶቻችን ብቻ ያነበብነው ነው። እንድናነሳው ያደረገን ግን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ባለፈው ሴሚስተር ነፍሰ ጡር የሆነች አንዲት እህታችን ጉሮሮዋን አመማት። የዶርም ጓደኛዋ ከሻንጣዋ የተረፋትን ቴትራሳይክሊን አውጥታ ሰጠቻት። የሰጠቻት በቅን ልብ ነው፤ ያዘዘ ሐኪም ግን አልነበረም። እህታችን ከመዋጧ በፊት ፋርማሲ ጎራ ብላ ስትጠይቅ መድኃኒቱ የፅንሱን ጥርስና አጥንት ሊጎዳ እንደሚችል ተነገራት። አልሐምዱሊላህ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። ባትጠይቅስ ኖሮ?

ይህን ጥያቄ ከሺህ ዓመት በፊት በቁም ነገር ከጻፉበት ሰዎች አንዱ አቡ ዐሊይ አል-ሑሰይን ኢብን ሲና ነው። የተወለደው በ370 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 980) በቡኻራ አቅራቢያ አፍሻና በምትባል መንደር ነው። በአሥር ዓመቱ ቁርኣንን ጨርሶ ነበር። ፊቅህን ከአንድ ዓሊም፣ የሕንድን የቁጥር ስሌት ደግሞ ከአንድ አትክልት ነጋዴ ተማረ። መድረሳና የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲመላለሱ ላደጉት ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። አንድ ጥያቄ ሲከብደው ወደ መስጂድ ሄዶ ይሰግድና አላህ እንዲገልጥለት ይለምን ነበር።

በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሐኪሞች ከእርሱ ዘንድ ሕክምና ይማሩ ነበር። ቀጥሎም የቡኻራውን አሚር ኑሕ ኢብን መንሱርን ካከሙት አንዱ ሆነና የቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተለት። ከዚያ በኋላ ግን ዕረፍት አላገኘም። አባቱ ሞተ፤ መንግሥቱ ፈረሰ፤ እርሱም ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተ። በሐመዳን ዋዚር ሆኖ ሳለ ወታደሮች አምፀው ቤቱን ዘረፉ፤ ካልተገደለም አሉ። ለአርባ ቀን ተደበቀ። በኋላም ፈርደጃን በተባለ ምሽግ አራት ወር ያህል ታስሯል። በእስር ቤትም ቢሆን መጻፉን አልተወም፤ ከጻፋቸው አንዱ ቁለንጅ ስለሚባለው ብርቱ የሆድ ቁርጠት ነው። ይህን አስታውሱት።

«አል-ቃኑን ፊ ጢብ» የተባለውን ባለ አምስት ክፍል ታላቅ መጽሐፉን በጁርጃን ጀምሮ በሐመዳን ጨረሰው። መጽሐፉ በ12ኛው ምዕተ ዓመት ቶሌዶ ላይ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለዘመናት ተምረውበታል። ኢማም አል-ገዛሊ በፍልስፍናው ላይ ጠንካራ ሂስ እንደሰነዘሩበት እናውቃለን፤ በሕክምና ያለው ቦታ ግን ሌላ ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ኢብን ሲና ነፍሰ ጡር ሴት ከመዝለል፣ ከመውደቅ፣ ከከባድ እንቅስቃሴና ከብዙ መብላት እንድትጠበቅ፣ የሚያሳዝናት ወሬም እንዳይነገራት መክሯል። ጠንካራ ማስቀመጫ መድኃኒትን ደግሞ በተለይ ከአራተኛው ወር በፊትና ከሰባተኛው በኋላ አጥብቆ ፈርቶታል። በአገራችንም እናቶቻችን ለነፍሰ ጡር ኮሶ አይሰጡም። ሕፃኑ ሁለት ዓመት እንዲጠባ ይመክራል፤ ይህም ማጥባቱን ማሟላት ለሚሻ ቁርኣን ከደነገገው ጋር ይገጥማል። ከሁሉም የሚደንቀን ግን ይህ ነው፦ የምታጠባ ሴት ኃይለኛ መድኃኒት መውሰድ ግድ ከሆነባት ለጊዜው ሌላ ሴት ታጥባለት ብሏል። እናት የዋጠችው ወደ ልጇ እንደሚሻገር ያለ ላቦራቶሪ አስተውሎ ነበር ማለት ነው።

መድኃኒት ስለሚፈተንበት መንገድም ደንቦችን አስቀምጧል። አንዱ፣ በእንስሳ ላይ የታየ ውጤት በሰው ላይ ላይደገም ስለሚችል ፈተናው በሰው መረጋገጥ አለበት የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት ጉዳት የለውም ተብሎ ለእርጉዞች ማቅለሽለሽ ጭምር ሲሰጥ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጎድተዋል። ከዚያ ወዲህ ነው ዓለም በእርግዝና ወቅት በሚወሰድ መድኃኒት ላይ ሕጉን ያጠበቀው።

ይሁንና ኢብን ሲና ነቢይ አይደለም፤ ተሳስቷልም። ሽምብራና ሰሊጥ ደም ያመጣሉ ብሎ ለነፍሰ ጡር ከልክሏል፤ ዛሬ ግን መልካም ምግቦች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእናቱ ሌላ ሴት ብታጠባው ይሻላል ማለቱም ስህተት ነው። እንገሩ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል በመሆኑ ማጥባት በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀመራል። ለአራስ ልጅ ማር ማላስን መልካም ብሏል፤ ዛሬ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ሊቅን ማክበር ማለት ከስህተቱ ጋር መዋጥ አይደለም።

አሟሟቱም ትምህርት ነው። ከኢስፋሃኑ አሚር ጋር በዘመቻ ላይ ሳለ ያ የጻፈበት ቁለንጅ ያዘው። ከሠራዊቱ ላለመቅረት ቸኩሎ በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ ሆዱን በመድኃኒት አስታጠበ፤ አንጀቱም ቆሰለ። ከዚያ ሁለት ዳነቅ የሰለሪ ዘር እንዲጨመር ሲያዝ አንድ ሐኪም አምስት ዲርሃም ጨመረበት። ዳነቅ የዲርሃም አንድ ስድስተኛ ነውና ስናሰላው ከታዘዘው አሥራ አምስት እጥፍ ነው። ደቀ መዝሙሩ አል-ጁዝጃኒ አውቆ ያድርገው ተሳስቶ እንደማያውቅ ጽፏል። ገንዘቡን የሰረቁ አገልጋዮችም በመድኃኒቱ ውስጥ ብዙ ኦፒየም ጨመሩበት። በመጨረሻ መታከሙን ተወ። ተውበት አድርጎ፣ ንብረቱን ሰደቃ ሰጥቶ፣ በየሦስት ቀኑ ቁርኣን ያኸትም እንደነበር ተዘግቧል። በ428 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1037) ረመዳን ውስጥ በሐመዳን ሞተ።

የዘመኑን ታላቅ ሐኪም መጠን ካልራራለት፣ ገና በማኅፀን ላለ ሕፃንማ እንዴት ይራራል? ስለዚህ እንዲህ እንድንተዋወስ ወደድን።

አንደኛ፣ ለነፍሰ ጡርም ለምታጠባም እህት ከሻንጣችን መድኃኒት አንስጥ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ እንሸኛት። ሁለተኛ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአስም መድኃኒት የምትወስድ እህት ስላረገዘች ብቻ በራሷ አታቋርጥ፤ ማቋረጡ ራሱ እርሷንም ፅንሱንም ሊጎዳ ይችላል። ማጥባትም እንደዚያው ነው፤ ከብዙዎቹ መድኃኒቶች ወደ ወተት የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ ጡት ከማስጣሏ በፊት ሐኪም ትጠይቅ። ሦስተኛ፣ በፈተና ሰሞን ጫት የምንቅም ካለን፣ ንጥረ ነገሩ ወደ እናት ጡት ወተት እንደሚያልፍ እንወቅ፤ የሲጋራ ጭስም ለአጠገብ ሰው ይተርፋል። አራተኛ፣ በወርክሾፕ እርሳስ ባለበት ሽቦ የምንበይድ የምህንድስና ተማሪዎች እጃችንን ሳንታጠብ ወደ ቤተሰብ አንሂድ። እርሳስ በአጥንት ተከማችቶ በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ይመለሳል፤ ከደምም ወደ ፅንሱ ይሻገራል።

ሸሪዓችን ለራሷ ወይም ለልጇ የምትፈራን ነፍሰ ጡርና አጥቢ ከረመዳን ጾም እንኳ ያገራላት ለልጁ ሐቅ ስላለው ነው። ይህን ሐቅ የዶርም ጓደኞችም ልንጠብቀው ይገባል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይለግሰን፤ እናቶችንና ልጆቻቸውን ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።