ልብን ከአልጋና ከወንበር ያስነሱት ሐኪም፦ ፖል ደድሊ ዋይት

እአአ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1955 የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዝዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ለዕረፍት በሄዱበት በዴንቨር በልብ ድካም ተመቱ። ከአንድ ዓመት በፊት ዐፄ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን የተቀበሉት እኚህ መሪ፣ ሕመማቸው በመጀመሪያ የሆድ መታወክ ነው ተብሎ ነበር። እውነቱ ሲገለጥ አገር ተጨነቀ፤ በቀጣዩ ሰኞ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከ6 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ። ከቦስተን በአስቸኳይ የተጠሩት ሐኪም ፖል ደድሊ ዋይት ነበሩ።

ዋይት በ1886 በቦስተን፣ ሮክስበሪ በተባለ ሰፈር ከሐኪም አባት ተወለዱ። በ1911 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው ወደ ለንደን ተሻገሩ፤ በዚያም በቶማስ ሉዊስ ዘንድ የልብን ምት በኤሌክትሪክ መሣሪያ የመመዝገብን ጥበብ ቀሰሙ። የእህታቸው በልብ ሕመም መሞት ሙያቸውን ወደዚሁ መስክ እንዲያዘነብል አድርጎታል። በ1924 የአሜሪካን የልብ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። በ1931 ያሳተሙት መጽሐፍም ለልብ ሐኪሞች ዋና መማሪያ ሆነ።

በዚያ ዘመን ልቡን የታመመ ሰው ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይነሳ ይደረግ ነበር፤ የሥራ ዘመኑም እንዳበቃ ይቆጠር ነበር። ዋይት ይህን ተቃወሙ። ጤነኛን ልብ የሚጎዳው እንቅስቃሴ ሳይሆን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ሲጋራ መሆኑን ያስተምሩ ነበር። በ1953 የብሪታንያው ተመራማሪ ጄሪ ሞሪስ ያሳተሙት ጥናትም ሐሳባቸውን አጠናከረው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ የለንደን አውቶቡስ ሾፌሮች፣ ባለፎቁን አውቶቡስ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም ይጠቁ ነበር።

ዋይት በዴንቨር የፕሬዝዳንቱን ሕመም ሳይሸሽጉ ለጋዜጠኞች አብራሩ። ሚሊዮኖችም ስለ ልብ ሕመም ያን ጊዜ ተማሩ። ታማሚው ቀስ በቀስ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበርም ወደ እርምጃ ተሸጋገሩ። በ1956 መጀመሪያ ዋይት በሥራ መቀጠል እንደሚችሉ መሰከሩ። አይዘንሃወር በዚያው ዓመት ዳግም ተመረጡ፤ የልብ ሕመሙ ኋላ ቢመለስባቸውም እስከ 1969 ኖረዋል።

ዋይት የመከሩትን የሚፈጽሙ ሰው ነበሩ። በእግር ይሄዱ፣ በደረጃ ይወጡ፣ በእርጅናቸውም ብስክሌት ይነዱ ነበር። በ1973 በ87 ዓመታቸው አረፉ። በቻርልስ ወንዝ ዳርቻ ያለው የብስክሌት መንገድ በስማቸው ይጠራል።

ትምህርታቸው በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ ሰባት እየኖረ፣ በዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ከሰነድና ከኮምፒውተር ፊት ተጨንቆ ለሚውል ሠራተኛም ይበጃል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በጅቡቲ ሙቀት ይህን በማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በእግር ጉዞ ማሟላት ይቻላል። በሥራ ሰዓት መካከል ተነሥቶ መንቀሳቀስ፣ የደም ግፊትን መለካት፣ ጨውን መቀነስና ሲጋራን መተው ልብን ይጠብቃሉ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ደረትን የሚጨንቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት ሕመም የተሰማውም የሆድ ነገር ነው ብሎ ሳይዘናጋ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ሊሄድ ይገባል።