ከትል የተማረው ሊቅ፤ ቅዱስ ያሬድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅን ያለፈ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ አዲ አርቃይ ሲደርስ ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት ይገባል። ወደ ዋልድባ ገዳም የሚሄዱ ምእመናን ስንቃቸውን አዝለው የሚያልፉባት ይህች ከተማ በአንድ በኩል የገዳማውያኑን በረሃ፣ በሌላ በኩል የሰሜንን ተራሮች ይዛ የተቀመጠች ናት። ዋልድባን የማያነሣ መንገደኛ የለም። እነዚያ ተራሮች የማንን የመጨረሻ ዘመን እንደ ተቀበሉ ግን ብዙው ልብ ሳይለው ያልፋል። የቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የተጋድሎ ዘመኑን በጾምና በጸሎት የፈጸመው በዚሁ በሰሜን ምድር ነው።

የቅዱሱን ሕይወት ዛሬ የምናነሣው ዜማውን ለመተንተን አይደለም፤ ያ የመሪጌቶቻችን ድርሻ ነው። እኛ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ሰማያዊ ዜማ የሰማው ይህ ሊቅ የመጀመሪያ ትምህርቱን የተቀበለው ከምድር፣ ያውም ማንም ረግጦት ከሚያልፈው ፍጥረት ነበር። ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይመስለንም።

ቅዱስ ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ተወለደ አባቶች ያስተምራሉ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት እናቱ ታውክልያ በአክሱም ጽዮን መጻሕፍትን ያስተምር ለነበረው ለዘመዷ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎንም መዝሙረ ዳዊትን ያስተምረው ጀመር። ልጁ ግን ትምህርቱ አልገባው አለ። ዛሬ የተማረውን ነገ ይረሳዋል፤ ጓደኞቹ ገጽ ሲያዞሩ እርሱ ከመጀመሪያው ገጽ አልነቃነቅ ይላል። ይሳለቁበትም ነበር። መምህሩ መከረው፣ ገሠጸው፣ በመጨረሻም ገረፈው። ያሬድም ግርፋቱን መታገሥ ስላልቻለ ከአክሱም ኮበለለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባናል። የቅዱሱን ታሪክ ስንሰማ ፍጻሜውን ስለምናውቀው ይህን ቀን በፈገግታ እናልፈዋለን። ልጁ ግን ፍጻሜውን አያውቅም። አባት የሌለው፣ እናቱ ተስፋ ጥላ ለመምህር የሰጠችው፣ መምህሩም ያልቻለው ልጅ ነው። ወደ ኋላ ቢመለስ በትር፣ ወደ እናቱ ቢሄድ ኀፍረት ይጠብቀዋል። ከጓደኞቹ በታች ሆኖ የዋለ ልጅ ወይም የእንዲህ ያለ ልጅ እናት የሆነች ሰው የዚያን መንገድ ርዝመት ያውቀዋል።

በመንገዱም ማይ ኪራሕ ከሚባለው ስፍራ ሲደርስ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠለለ። በዚያም አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ግንዱን ስትወጣ አየ። ትሏ ወደ ላይ ትሄዳለች፤ ትወድቃለች። እንደገና ትጀምራለች፤ አሁንም ትወድቃለች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው እንደ ወጣች የሚናገሩ አባቶች አሉ። በመጨረሻ ከፍሬው ደርሳ በላች። ያሬድም ይህን አይቶ ራሱን ወቀሰ፤ ይህች ደካማ ፍጥረት ለሆዷ ይህን ያህል ከታገሠች እርሱ ለነፍሱ ምግብ ስለምን ግርፋትን አይታገሥም?

ልብ እንበል። ትልን ማየት ትልቅ ነገር አይደለም፤ ገበሬው በየማሳው፣ እረኛው በየዛፉ ሥር ያያታል። ያሬድ ያየው ከሌላው የተለየ ነገር አልነበረም፤ የተለየው ያየውን ወደ ራሱ መመለሱ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነን። አንድ ነገር ስናይ የሚመለከተው ጎረቤታችንን ይመስለናል። ስብከት ስንሰማ እንኳ እገሌ በመጣና በሰማ እንላለን። ያሬድ ስለ ትሏ ሲያስብ ስለ መምህሩ ክፋት ወይም ስለ ጓደኞቹ ስላቅ ምሳሌ አልፈለገባትም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። በአገራችን ከዕለት ተዕለት ነገር ምልክት የመፈለግ ልማድ ገና አልጠፋም። ወፍ በቀኝ ጮኸች፣ በግራ ጮኸች፤ ድመት መንገድ አቋረጠች፤ የእገሌ ገዱ መጥፎ ነው እየተባለ መንገድ የሚቀር፣ ዘር የሚዘገይ፣ ጋብቻ የሚፈርስ አለ። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ ማተብ ያሰሩ ምእመናን ናቸው። ያሬድ ትሏን እንደ ገድ ቢያያት ኖሮ ነገ ይቀናኛል ብሎ በደስታ መንገዱን በቀጠለ ነበር። እርሱ ግን የወደፊት ዕድሉን አልጠየቃትም። ኃጢአቱን አሳየችው፤ ተነሥቶም ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ሸሸው መምህር ተመለሰ። ገድ የሚቈጥር ሰው ካየው ነገር በኋላ እንደ ነበረ ይቀራል፤ ከፍጥረት የሚማር ሰው ግን ንስሐ ይገባል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህንኑ መንገድ ያስተምሩናል። ጠቢቡ ሰሎሞን ታካችን ሰው የላከው ወደ ገብረ ጉንዳን ነው (ምሳ. 6፥6)። ጌታችንም ስለ አብ መግቦት ሲያስተምር ወደ ሰማይ ወፎችና ወደ ሜዳ አበቦች አመለከተ (ማቴ. 6፥26-28)። መንግሥተ ሰማያትን ሴት በዱቄት በሸሸገችው እርሾ መሰላት (ማቴ. 13፥33)፤ የኃጢአተኛን መመለስም ቤቷን ጠርጋ ድሪሟን ባገኘች ሴት (ሉቃ. 15፥8)። ቡሃቃና መጥረጊያ የማይገባበት ቤት የለምና ምሳሌው የማይገባው ሰው አይኖርም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አባ ጌዴዎን የኮበለለውን ልጅ ተቀበለው። ልጁን ስናመሰግን መምህሩን መርሳት የለብንም፤ በሩን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ የትሏ ትምህርት ከመንገድ በቀረ ነበር። ያሬድም በእንባ ወደ እግዚአብሔር ለመነ፤ እግዚአብሔርም አእምሮውን ከፈተለት። ስንክሳሩ እንደሚነግረን ብሉይንና ሐዲስን በአንድ ቀን ተማረ። ከዚያም ዲቁና ተቀበለ።

ቀጥሎ ያለውን ምእመናን ሁሉ የሚያውቁት ስለሆነ በአጭሩ እንለፈው። እግዚአብሔር ከኤዶም ገነት ሦስት አዕዋፍን ላከለት፤ በሰው ቋንቋ ተናገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ነጠቁት። በዚያ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ተመልሶም ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታላቅ ድምፅ አመሰገነ፤ ንጉሡ፣ ጳጳሱ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ሲሰሙት ዋሉ። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማዎቹም ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። ዛሬም ደቀ መዛሙርት ለድጓ ምስክርነት ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ ወደ ዙር አምባ ይወጣሉ።

ከሰማይ የሰማውን ዜማ ለምድር ሲሰጥ ግን የማይ ኪራሕን ትምህርት አልተወም። የዜማውን ምልክቶች ስሞች እንይ፦ ይዘት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ። እነዚህ ሁሉ ከዕለት ተዕለት ንግግር የተወሰዱ የሚመስሉ ቃላት ናቸው። ጭረት ልጅ ሲወድቅ ጉልበቱ ላይ የሚያየው ነው። ሊቃውንቱ ግን በይዘት የጌታችንን መያዝ፣ በቅናት መታሰሩን፣ በሂደት ከአደባባይ ወደ አደባባይ መጐተቱን፣ በጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ በርክርክ የደሙን ነጠብጣብ ያስተምራሉ። ከበሮውም እንዲሁ ነው። ቆዳና እንጨት ነው፤ የታሰረበት ጠፍር ግን በጌታችን ሰውነት ላይ የወጣውን ሰንበር ያስታውሰናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀን የድጓው ዘመን አቈጣጠር ነው። ድጓ ዓመቱን በመጸው፣ በሐጋይ፣ በጸደይና በክረምት ከፍሎ፣ ምስጋናውን ገበሬው ከሚያየው ሰማይና ከሚረግጠው መሬት ጋር ያስኬዳል። ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ሲገባ የሚዘመረው ስለ ዘርና ስለ ደመና ነው። ሐምሌ ሲጋመስ መብረቅና ነጐድጓድ፣ የወንዞችም ሙላት ይከተላል። ይህ መጽሐፍ ከማሳ ርቆ የተጻፈ አይመስልም።

ነሐሴ ሲጋመስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ዕጓለ ቋዓትን፣ የቁራ ጫጩቶችን ታስባለች። መተርጕማን እንደሚያስረዱት ቁራ ጫጩቶቿ ከእንቁላል ሲወጡ መልካቸው እንደ እርሷ ጥቁር ስላልሆነ ትታቸው ትሸሻለች፤ እነርሱም አፋቸውን ከፍተው ሲጮኹ እግዚአብሔር ተባዮችን ወደ አፋቸው እየላከ ይመግባቸዋል። ይህ መዝሙር የተመደበበትን ወር እንመልከት። ነሐሴ የአዲ አርቃይ ገበሬ ጎታው የሚጐድልበት፣ ማሽላውና ጤፉ ደግሞ ገና በቡቃያ ያለበት ጊዜ ነው። እናት ለልጆቿ እንጀራውን ከፍላ የምታበላበት ወር ነው። በዚህ ወር ስለ ጥጋብ መዘመር ፌዝ በሆነ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ግን የምትዘምረው አፉን ከፍቶ ስለሚጠብቅ ጫጩት ነው። የተራበውን ረኀብህ የለም አትለውም፤ ረኀቡን ጸሎት ታደርግለታለች።

መስከረም 26 ቀን ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ እስከ ኅዳር 5 ቀንም ይቈያል። አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍነው ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት ታስባለች። የቆላ ልጆች በማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቁትም በዚያው ሰሞን ነው። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ከሩቅ የማኅሌቱን ከበሮ ሲሰማ ከማሳው ሳይወርድ በማኅሌቱ ውስጥ ነው ብንል አንሳሳትም።

ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም የወጣበት ምክንያትም ይታወቃል። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በቅዱሱ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ዘማሪውም ንጉሡም ምስጋናው እስኪፈጸም ድረስ አላወቁም። የመምህሩን በትር ሸሽቶ የኮበለለው ልጅ ይኸው ነው። ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፤ ስለ ፈሰሰው ደም የወደደውን ሁሉ እንዲጠይቅም ፈቀደለት። ያሬድ ርስትና ሹመት አልጠየቀም፤ ወደ በረሃ እንዲሄድ እንዲያሰናብተው ለመነ። ንጉሡ ቢያዝንም ቃሉን አላጠፈም። ያሬድም በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃንን ሲያደርስ ክንድ ያህል ከምድር ከፍ አለ። ከዚያም ካህናቱን ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተጓዘ።

ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ዳሸን በሚገኝበት በዚህ የተራራ አገር፣ ውርጭና ቀዝቃዛ ነፋስ በማይለየው ስፍራ፣ በጾምና በጸሎት ሥጋውን አደከመ። ስንክሳራችን መታሰቢያውን ግንቦት 11 ቀን ያነባል። በዚህ ጊዜ በአዲ አርቃይና በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ማሳውን ለክረምቱ ዘር ያዘጋጃል። ከወር ተኩል በኋላ ሰኔ 26 ቀን ሲደርስ ሊቃውንቱ ስለ ዘርና ስለ ደመና የተደረሰውን ምስጋና ይጀምራሉ።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ ወስብሐት ለእግዚአብሔር።