ቤንስ ጆንስ እና የደብረ ብርሃን ብርድ

አክስቴ ወገባቸውን ሲያማቸው የወቀስነው የደብረ ብርሃንን ብርድ ነበር። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለተቀመጠች ከተማ ሌላ ምን ይወቀሳል? አንድ ክሊኒክ ዓመት ሙሉ ማስታገሻ ሲሰጣቸው ከረመ። ኩላሊታቸው ከደከመ በኋላ ግን አዲስ አበባ የተደረገው ምርመራ ማልቲፕል ማይሎማ፣ ማለትም የመቅኔ ካንሰር መሆኑን አሳየ። የውጤቱ ወረቀት ላይ ቤንስ ጆንስ የሚል ስም አየሁ። ሕግ የተማረ ሰው ሰነድ ላይ ያየውን ስም ሳያጣራ አያልፍም።

ሄንሪ ቤንስ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1813 እንግሊዝ ውስጥ ተወለደ። ካምብሪጅ ተምሮ፣ ሎንዶን ሕክምና አጥንቶ፣ በ1841 የኬሚስትሪው ሊቅ ሊቢግ ዘንድ ጀርመን ሄደ። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ጋር ውል የተፈራረሙት በዚያው ዓመት ነው (የዚያን ውል ጣጣ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ)።

በ1845 መገባደጃ ሁለት ሐኪሞች አጥንቱን የሚያመውን የአንድ ነጋዴ ሽንት ላኩለት። ሽንቱ ሲሞቅ ይደፈርሳል፣ ሲፈላ ይጠራል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሶ ይረጋል። የእንቁላል ነጭ አንዴ ከረጋ መቼ ይመለሳል? ቤንስ ጆንስ ሰውየው በቀን ከ60 ግራም በላይ ፕሮቲን እንደሚያጣ አሰላ። ነጋዴው በ1846 የመጀመሪያ ቀን ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር የጎን አጥንቶቹ ለስልሰው ተገኙ።

የሙቀቱን ነገር አስቀድሞ ያስተዋለው ከሐኪሞቹ አንዱ፣ ማኪንታይር ነበር። ጽሑፉን ያወጣው ግን በ1850 ነው፤ ቤንስ ጆንስ ሣህለ ሥላሴ ባረፉበት በ1847 ቀድሞታል። እኔ ብዳኝ ስሙን ለሁለቱም አካፍል ነበር። ደግሞም የቤንስ ጆንስ ኬሚካዊ ማብራሪያ ስህተት ነበር። ፕሮቲኑ የአንቲቦዲ ቁራጭ መሆኑ የታወቀው በ1962 ነው፦ መቅኔ ውስጥ ያለ አንድ የፕላዝማ ሴል ዘር ልጓሙን በጥሶ ይራባል፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያመርታል፣ ትርፉ በኩላሊት እየፈሰሰ ቱቦዎቹን ይደፍናል። አጥንቱም ይሳሳል፣ ደምም ያንሳል።

ቤንስ ጆንስ ልቡን ሲታመም ኖሮ፣ የፋራዳይን የሕይወት ታሪክም ጽፎ በ1873 ሞተ። በሽታው ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘውም በዚያው ዓመት ነው።

የተለመደው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ይህን ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ይስተዋል፤ ኤሌክትሮፎሬሲስ የሚባል ምርመራ ያስፈልጋል። አንዳንድ ማስታገሻዎች ደግሞ የተጎዳውን ኩላሊት ያባብሳሉ። ይህን የሚነግረን አልነበረም። አክስቴ ያን ዓመት ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ነበር የሚተኙት።